የዘፈን ጥያቄ በምሽት ክበብ

በምሽት ክበብ ታዳሚው የሚፈልገውን ዘፈን ዲጄው እንዲያጫውትለት መጠየቁ የዘፈን ጥያቄ ይባላል። ጥያቄው ጆሮ ላይ በመጮህ፣ በብጣሽ ወረቀት፣ በስልክ ስክሪን፣ በአስተናጋጅ አማካይነት ወይም በመተግበሪያ ሊደርስ ይችላል። አቀባበሉ በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ የለውም፤ የሚወስኑት የቤቱ ዓይነት፣ የሙዚቃው ስልት፣ ሰዓቱና ዲጄው ከቤቱ ጋር የገባው ስምምነት ናቸው። ሂፕ ሆፕ፣ አርኤንድቢና የየጊዜው ተወዳጅ ዘፈኖች በሚደባለቁባቸው ቤቶች ጥያቄ መቀበል የሥራው አካል ነው። ቴክኖና ሃውስ የተባሉት የኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ሙዚቃዎች በሚጫወቱባቸው ቤቶች ግን ዘፈን መጠየቅ ብዙ ጊዜ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ “ጥያቄ አንቀበልም” የሚል ወረቀት ከማሽኑ ፊት ተለጥፎ ማየትም ብርቅ አይደለም።

ስለ ጉዳዩ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከዲጄዎች ቃለ ምልልስና ትዝታ የተገኘ ነው። የጠያቂው ወገን ድምፅ እምብዛም አይሰማም፤ ይህም ዳሰሳ ከዚያ ዝንባሌ ጨርሶ ነጻ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከማሽኑ ጀርባ

ጠያቂው ከፊት ቆሞ የማያየው ዋና ነገር የጊዜ ጥበት ነው። አንድ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ተኩል ቢረዝም ዲጄው ሁለት ደቂቃ ያህሉን ብቻ ሊጠቀምበት ይችላል። በዚያች ጊዜ ቀጣዩን ይመርጣል፣ በአንድ ጆሮው በሄድፎን እያዳመጠ መግቢያውን ያስተካክላል፣ ፍጥነቱን ከሚሰማው ዘፈን ጋር ያገጣጥማል፣ ቀና ብሎም ጨፋሪውን ይቃኛል። ሰው ጠረጴዛውን ተደግፎ ስልኩን የሚዘረጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ዘፈኖች ተደራርበው በሚሄዱባት ሰዓት ነው። ዲጄው ዓይኑን ዘፈኖቹን ከሚያደባልቅበት መሣሪያ፣ ከሚክሰሩ፣ ሳያነሳ አንድ ጣቱን ብቻ ከፍ ቢያደርግ “ቆይ” ማለቱ ነው፤ ንቀት አድርገው የሚወስዱት ግን አይጠፉም። ጥያቄው ተቀባይነት ቢያገኝ እንኳ ቀጣዩ ዘፈን አስቀድሞ ስለተሰናዳ ተራው ቶሎ ደረሰ ቢባል ከሁለት ከሦስት ዘፈን በኋላ ነው። ይህን የማያውቅ ጠያቂ በየመሃሉ እየተመለሰ “የእኔስ?” ይላል።

ሌላው ገደብ ፍጥነት ነው። ሃውስ በአመዛኙ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ምት ይሄዳል፤ ብዙ የሂፕ ሆፕ ዘፈኖች ደግሞ ከ85 እስከ 100 ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ለአሥርት ዓመታት የሙያው መለኪያ የነበረው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማርክ 2 ሸክላ ማጫወቻ ፍጥነትን መጨመርም ሆነ መቀነስ የሚያስችለው እስከ 8 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ በ124 ምት የተቀረጸ ዘፈን ከ114 እስከ 134 ገደማ ድረስ ብቻ ይለጠጣል። በ124 ምት የጋለ ሕዝብ መሃል የ90 ምት ዘፈን የሚጠይቅ ሰው ሳያውቀው የሌሊቱን አቅጣጫ እንዲቀየርለት እየጠየቀ ነው።

መላ ግን አይጠፋም። 87 ምት ያለው ራፕ በትክክል እጥፉ ከሆነው፣ ድራም ኤንድ ቤዝ ከሚባለው ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የ174 ምት ዘፈን ጋር ሳይጋጭ ይሄዳል። ቀስ በቀስ በየዘፈኑ ጥቂት ምት እየቀነሱ መውረድም ይቻላል፤ አምስት ስድስት ዘፈን መፍጀቱ ነው ችግሩ። የቸኮለ ዲጄ የዘፈኑን የመጨረሻ ቃል በኤኮ ያስተጋባና ድምፁን ቆርጦ አዲሱን ከባዶ ይጀምራል። በጥሩ ሰዓት ሲደረግ ቤቱን በእልልታ ያናውጣል፤ በመጥፎ ሰዓት ሲደረግ ሕዝቡ ወደ መጠጥ መቅጃው የሚሄድበትን ምክንያት ያገኛል። 

የድምፁን ነገርም ማንሳት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለመዝናኛ ሥፍራዎች ባወጣው መመዘኛ ድምፁ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ወደዚያ በተጠጋ ጩኸት መሃል የዘፋኝ ስም ሰምቶ መለየት ዕድል ይጠይቃል፤ ዜማውን እያንጎራጎሩ ለማስረዳት መሞከርማ ከንቱ ድካም ነው። ለዲጄው ጆሮም ለሥራውም የሚበጀው ስልክ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ከሩቅ የሚነበብ ጥያቄ ነው። መጠጥ የያዘ እጅ በሚክሰሩ አናት ላይ እንዳይዘረጋ መከልከልም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ብዙ ቤቶች ለዚህ ሲሉ ጠረጴዛውን ከፍ ያደርጉታል ወይም ጋርድ ያቆሙበታል።

ማን ጠየቀ?

ልምድ ያለው ዲጄ ከዘፈኑ በፊት ጠያቂውን ያያል። ከጭፈራው መሃል ላቡን እየጠረገ የመጣ ሰውና ገና ኮቱን ያላወለቀ ሰው እኩል አይመዘኑም። የማይተዋወቁ ሦስት ቡድኖች አንድ ዘፈን ከጠየቁ ነገሩ ከልመናነት አልፎ የቤቱ ስሜት ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ የሚያሳይ መረጃ ይሆናል። ብዙ ዲጄዎች ጥያቄን የሚወዱትም በዚህ መልኩ ሲመጣ ነው፤ የተጠየቀውን ዘፈን ራሱን ባያጫውቱም የዚያው ዘመን ወይም የዚያው ዘፋኝ የሆነ ሌላ ይፈልጋሉ።

ከሚያስቸግሩት መካከል ገና ከአሥር ደቂቃ በፊት የተጫወተውን ዘፈን ዘግይቶ የደረሰ ሰው ሲጠይቅ አለ። ቤቱ ሞልቶ እየተጨፈረ “ጥሩ ነገር አጫውት እንጂ” የሚልም አለ፤ ይህኛው ጥያቄ ሳይሆን ቅሬታ ነው፣ መልስም የለውም። የራሱን ዘፈን በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ድምፃዊ፣ ለጓደኛው ልደት ማይክ የሚለምን፣ ዘፈኑ ሲገባ ቦታው ላይ የማይገኝ ሁሉ በዲጄዎች ወግ ውስጥ ይነሳሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ቤቱ ገና ሲከፈት የምሽቱን ትልቅ ዘፈን መጠየቅ ነው። ማሟሟቂያውን የሚይዘው ዲጄ ትልልቆቹን ዘፈኖች ለዋናው እንግዳ ማቆየት ይጠበቅበታል፤ ለአንድ ጠያቂ ብሎ አስቀድሞ ቢያቃጥላቸው በባልደረቦቹ ዘንድ ይነቀፋል።

መልሶቹ ጥቂት ናቸው። “እሺ” ማለት እሺ ነው። “እናያለን” ብዙውን ጊዜ እምቢታ ነው፤ ጠያቂውን ሳያስቀይም ከጠረጴዛው ያርቀዋል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ይመልሰዋል። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚናገሩ፣ ለምሳሌ “ትንሽ ሲቀዘቅዝ አጫውትልሃለሁ” የሚሉ ዲጄዎች በስተመጨረሻ የተሻለ ሰላም ያገኛሉ።

ከጁክቦክስ እስከ ፓራዳይዝ ጋራዥ

ጥያቄ ከዲጄ ይቀድማል። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመጠጥ ቤቶች የተስፋፋው ጁክቦክስ ሳንቲም ለጨመረ ሁሉ የመረጠውን ያለ ክርክር ያሰማ ነበር፤ ምርጫ የከፋይ መብት ነው የሚለው አስተሳሰብ የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። በፓሪስ የምሽት ክበቦች ታሪክ ስሟ የገነነው ረዢን ዚልበርበርግ በ1953 ጁክቦክሱን አስነስታ በሁለት ሸክላ ማጫወቻዎች እንደተካች፣ በዘፈኖች መሃል የነበረውን ዝምታም እንዳስቀረች ትናገር ነበር። ቀዳሚነቱን ለራሳቸው የሚሰጡ ሌሎችም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ዲጄ ማለት በአመዛኙ ሰው የሆነ ጁክቦክስ ነበር።

ይህን የቀየረችው ኒውዮርክ ናት። በ1965 በተከፈተው አርተር ክበብ ይሠራ የነበረው ቴሪ ኖዌል ዘፈን ከዘፈን ማገናኘት ከጀመሩት አንዱ እንደሆነ ይነገራል። ነገሩን ሙያ ያደረገው ግን ፍራንሲስ ግራሶ ነው። ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው ሳንክቹዋሪ ክበብ ግራሶ ሸክላውን በጣቱ ይዞ፣ ከሥሩ ሳህኑ እየዞረ፣ ትክክለኛው ምት ሲደርስ ይለቀው ነበር። የሁለት ዘፈኖችን ምት አጋጥሞም ጎን ለጎን ያስኬዳቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱ የተናጠል ዘፈኖች ተራ መሆኑ ቀረና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተያያዘ አንድ ሥራ ሆነ፤ በመሃል የሚገባ ጥያቄም እንደ ማቋረጥ መታየት ጀመረ። ዲጄዎች ዛሬ “አይሆንም” ሲሉ የሚያቀርቡት መከራከሪያ ሥሩ እዚህ ነው።

ዴቪድ ማንኩሶ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1970 ብሮድዌይ ጎዳና ላይ በሚገኘው መኖሪያው የጀመረው፣ በኋላ ዘ ሎፍት የተባለው ግብዣ ሌላ መንገድ ያዘ። የሚገባው የተጠራ ሰው ነበር፤ አልኮልም አይሸጥም። መጠጥ ስለማይሸጥ “ደንበኛው የሚወደውን አጫውትና ይጠጣ” ብሎ የሚጫን ባለቤት አልነበረም። ማንኩሶ ራሱን ዲጄ ከማለት የሙዚቃ አስተናጋጅ ማለትን ይመርጥ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ማደባለቁን ራሱን ትቶ እያንዳንዱን ሸክላ ከመግቢያው እስከ ማብቂያው ያጫውት ነበር። በ1975 ከዲጄው ስቲቭ ዲአኪስቶና ከሌሎች ጋር የዲጄዎች የሸክላ ማኅበር አቋቋመ፤ ኩባንያዎች አዳዲስ ሸክላ በነጻ ይሰጣሉ፣ ዲጄዎች ደግሞ ጨፋሪው እንዴት እንደተቀበለው ጽፈው ይመልሳሉ። ስለዚህ የሕዝቡ ፍላጎት፣ አፍ አውጥቶ ባይጠይቅም፣ በዲጄው እጅ እስከ አሳታሚው ድረስ ይደርስ ነበር።

በዚያው ከተማ በብሮንክስ፣ በ1973 በተጀመሩት ግብዣዎቹ የታወቀው ዲጄ ኩል ሄርክ ጨፋሪዎቹ ከዘፈኑ ሁሉ ከበሮው ብቻውን የሚቀርባትን ክፍል እንደሚጠብቁ አስተዋለ። ያንን ክፍል በሁለት ተመሳሳይ ሸክላዎች እያፈራረቀ አራዘመላቸው። በቃል የጠየቀው አልነበረም።

ከ1977 እስከ 1987 በቆየው የኒውዮርኩ ፓራዳይዝ ጋራዥ ክበብ የነገሠው ዲጄ ላሪ ሌቫን በተቃራኒው ይታወሳል። ሕዝቡ ያልለመደውን ዘፈን፣ የመጨፈሪያው ቦታ እየሳሳ እንኳ፣ ደጋግሞ ያጫውት እንደነበር ይተረካል። ውሎ አድሮ ያንኑ ዘፈን ጠያቂው ሕዝቡ ራሱ ይሆናል። ጥበብ ነው ወይስ እልህ የሚለው ሊያከራክር ይችላል፤ የሙያው ሰዎች ግን ጥበብ ነው ይላሉ።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ከቺካጎ እስከ ኢቢዛ ዲጄው ራሱ ኮከብ ሆነ፤ በስሙ ትኬት የተሸጠለትን እንግዳ ዘፈን መጠየቅም እንደ ስድብ ተቆጠረ።

የኪንግስተን መንገድ

ከ1950ዎቹ ጀምሮ በጃማይካ ያደገው፣ በትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ሸክላ እያጫወቱ የማስጨፈር ባህል፣ ሳውንድ ሲስተም የሚባለው፣ ታዳሚው በጋራ የሚጠይቅበት ሥርዓት አለው። ዘፈኑ የነካው ሕዝብ ይጮኻል፣ እጁን ያወጣል፣ ግድግዳ ይደበድባል፤ አጫዋቹ ሸክላውን ወደ ኋላ ጎትቶ ከመጀመሪያው ያስነሳዋል። ይህ ሪዋይንድ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ከጀንግል እስከ ግራይም በሚባሉት የሙዚቃ ስልቶች ዘልቋል። ጠያቂው አንድ ሰው ሳይሆን ቤቱ በሙሉ ስለሆነ ዲጄው ማንን እንደሚያስደስት አይጨነቅም። ሲበዛ ግን ሌሊቱ ወደፊት መሄዱን ያቆማል።

ጉርሻና ሥራ አስኪያጅ

ጥያቄ ከገንዘብ ጋር ሲመጣ ባለሙያዎቹ አይስማሙም። ጉርሻ መቀበል ከአስተናጋጅ የተለየ አይደለም የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ብሩን የተቀበለ ዕዳ ገባ ይላሉ፤ ዘፈኑ ቤቱን ቢያቀዘቅዘውም ማጫወት ግድ ይሆናል፣ ለሚቀጥለውም ሰው በር ይከፈታል።

ከታዳሚው ይልቅ የሚከብደው ከባለቤት የሚመጣ ጥያቄ ነው። በዲሴምበር 2012 ማያሚ ውስጥ በማንሽን ክበብ ሲያጫውት የነበረው ዲጄ ሻዶው ሙዚቃው ለቤቱ አልሆነም ተብሎ መሃል ላይ እንዲያቆም ተደርጓል። በዚያው ዓመት ላስ ቬጋስ ውስጥ ማርክ ፋሪና የተባለው ዲጄ የቪአይፒ ጠረጴዛ የያዙ ደንበኞች ስላጉረመረሙ ከማሽኑ እንዲነሳ ተጠይቋል። ሁለቱም የተጋበዙት በሚታወቁበት ሙዚቃ መሆኑን ማስታወስ ፍትሐዊ ነው። ዘፈን እንዲቋረጥ የሚቀርብ ጥያቄም አለ፤ ግጥሙ ያስከፋው ሰው ሲጠይቅ ብዙ ዲጄዎች በዝምታ ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ።

የስልክ ዘመን

በሸክላ ዘመን “የለኝም” እውነት ነበር። 100 ሸክላ የያዘ ሣጥን 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ዲጄው ተሸክሞ ያልመጣውን ሊያጫውት አይችልም። ፓዮኒር በ2001 ለዲጄዎች የተሠራውን የሲዲ ማጫወቻ ሲዲጄ-1000ን ሲያወጣ፣ በ2004 ደግሞ ሴራቶ ስክራች ላይቭ የተባለው ሶፍትዌር የላፕቶፕ ፋይልን በሸክላ ማጫወቻ ማዘዝ ሲያስችል ሣጥኑ ቀለለ፤ ሰበቡም አብሮ ቀለለ። በ2014 ዲጄይ የተባለው ሶፍትዌር ስፖቲፋይ ከተባለው የኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎት ጋር ሲገናኝ ሚሊዮኖች ዘፈኖች እዚያው ማሽኑ ላይ ተገኙ። ስፖቲፋይ በ2020 ይህን ቢያቋርጥም ታይዳልና ሳውንድክላውድ የተባሉት ተመሳሳይ አገልግሎቶች ክፍተቱን ሸፈኑት፤ ስፖቲፋይም በ2025 ተመልሷል። ዛሬ “የለኝም” የሚባል ጠያቂ “ዩቲዩብ ላይ አለ” ብሎ ስልኩን ያቀብላል። በስልክ ድምፅ ማጉያ ደህና የሚመስለው ፋይል በትልቁ ስፒከር ሲወጣ ቤዙ ጭቃ፣ ጫፉ ሻካራ ይሆናል፤ ይህን ጮሆ ለማስረዳት ጊዜ ያለው ዲጄ ግን የለም።

ቨርቹዋል ዲጄ የተባለው ሶፍትዌር ከታዳሚ ጥያቄ የሚቀበል ገጽ አለው፤ በኪውአር ኮድ የሚሠሩ ሌሎች መተግበሪያዎችም ተበራክተዋል። ጥያቄዎቹ ዝርዝር ሆነው ይደርሳሉ፣ ተደጋጋሚዎቹ ይደመራሉ፣ ዲጄው ሲመቸው ያያቸዋል። ጠረጴዛው ዙሪያ የሚደረገውን ግፊያ ይቀንሳሉ፤ ዲጄው ማን እንደጠየቀ አለማየቱ ግን ቀላል ጉድለት አይደለም።

የመጨረሻው ዘፈን

ከ1973 እስከ 1981 በቆየው ዊጋን ካሲኖ የተባለ የእንግሊዝ የጭፈራ ክበብ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቀው ጭፈራ ሁልጊዜ የሚዘጋው በተመሳሳይ ሦስት ዘፈኖች ነበር፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት የሚጫወቱት እነዚያ ሦስቱ የታወቁ ስለነበሩ ለመጨረሻው ዘፈን ክርክር አልነበረም። በሌሎች ቤቶች መብራት ሲበራ “አንድ ብቻ!” የሚል ጩኸት ይነሳል። የመዝጊያው ሰዓት በፈቃድ የተወሰነ ስለሆነ ዲጄው ያኔ የሚያየው ሕዝቡን ሳይሆን ሥራ አስኪያጁን ነው። እሺታ ካገኘ፣ ሲጠየቅ ካመሸው ውስጥ አጭሩን ይመርጣል።