«ሐመ ወሞተ ወተቀብረ»፦ የሕማማት ትርጉምና የሳምንቱ ሥርዓት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሕማም «ሐመ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ታመመ፣ ተሠቃየ፣ መከራ ተቀበለ ማለት ነው። ሕማማት ብዙ ቁጥሩ ነው። በአማርኛችን ቃሉ ጠበብ ብሎ ራስ ሲፈልጠንና ሆድ ሲቆርጠን «አመመኝ» የምንልበት ሆኗል። ስለዚህ በጸሎተ ሃይማኖት «ሐመ ወሞተ ወተቀብረ» ሲባል ደዌ የሚመስለው ምእመን ጥቂት አይደለም። የጌታ ሕማም ግን ሳይፈልገው የመጣበት ደዌ አይደለም። «እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም» ብሏል (ዮሐ. 10፥18)። በመለኮቱ ሕማም የሌለበት እርሱ በተዋሐደው ሥጋ ታመመ፤ የታመመውም ስለ እኛ ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ከሆሣዕና እስከ ትንሣኤ ያለውን የሕማማት ሳምንት ሙሉ ለጌታ ሲያዝንለት ይከርማል፤ ጌታ ግን ለኢየሩሳሌም ሴቶች «ለእኔስ አታልቅሱልኝ፤ ዳሩ ግን ለራሳችሁና ለልጆቻችሁ አልቅሱ» ነው ያላቸው (ሉቃ. 23፥28)።

ሊቃውንቱ ሕማማተ መስቀልን 13 አድርገው ይቆጥሩታል። ተአስሮ ድኅሪት፣ እጁን የኋሊት መታሰሩ፣ አንዱ ነው፤ ሰሪበ ሐሞት፣ መራራ ሐሞት መጠጣቱም ሌላው። አክሊለ ሦክና ተኰርዖተ ርእስ ለየብቻ ቢቆጠሩም ማቴዎስ 27፥29-30ን አንድ ላይ አንብቡት። መጀመሪያ የእሾኽ አክሊል ደፉበት፤ ቀጥለው በእጁ ያስያዙትን መቃ ነጥቀው ያንኑ ራስ መቱት። እሾኹ ባለበት ራስ ላይ የወረደ ምት ነው። «13 ናቸው» ብሎ በቃል ከማነብነብ አንዱን እንዲህ ቀርቦ ማየት ይበልጣል።

የወሎ ሰው ለመስቀሉ ባዕድ አይደለም። ላስታ ላይ ቅዱስ ላሊበላ ካነጻቸው አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ቤተ ጎልጎታ ነው፤ አምባሰል ላይ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ግሸን ደብረ ከርቤ አለች። መስከረም 21 ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ መስቀል የሚሳለም ምእመን በሰሙነ ሕማማት ካህኑ መስቀል ሳያሳልመው ሲያልፍ ይደነግጣል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሳምንቱ ከአዳም ውድቀት እስከ ክርስቶስ ያለው የ5500 ዘመን፣ የዓመተ ፍዳ መታሰቢያ ነው። ዕርቅ ገና አልወረደም። ስለዚህም ክርስትና ማንሣትና ጸሎተ ፍትሐት የለም፤ ኑዛዜም እስከ ዓርብ ማታ አይደረግም።

በዚህ ሳምንት ሰው ሲሞት ብዙ ቤተሰብ «ያለ ፍትሐት ተቀበረ» ብሎ ይሰበራል። መሰበር የለበትም። በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በሳምንቱ ለሚሞቱት ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ ይደረጋል፤ ለዚህ ነው በሆሣዕና መቅረት የማይገባው። ቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ፣ ግን አይቀርም፤ መቃብር መቆፈሩ፣ ለለቀስተኛ ውኃና እህል ማድረሱ እንደ ወትሮው ነው።

ሰላምታም እንዲሁ ይሳታል። በመሳም መሰላለም የቀረው ይሁዳ በመሳም አሳልፎ ስለ ሰጠው ነው። ሰውን ማኩረፍ ግን ሥርዓት አይደለም። በእኛ አገር ሙስሊም ጎረቤት እጁን ሲዘረጋ ፊትን ማዞር ነውር ነው፤ ራስን ዝቅ አድርጎ «እንዴት አደራችሁ፣ ሕማማት ስለ ሆነ ነው» ማለት ይበቃል። ጎረቤቱም ያውቀዋል፤ ይረዳል።

ስግደቱ በነግህ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት የሳምንቱ መጽሐፍ ግብረ ሕማማት እየተነበበ ነው። ዓርብ 6 ሰዓት የተሰቀለበት፣ 9 ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት፣ 11 ሰዓት ከመስቀል የወረደበት ነው። ሙሉ ስግደት ጉልበት፣ መዳፍና ግንባር ምድር ሲነኩ ነው። የሚበላሸው ብዛት ሲታሰብ ነው፦ ወጣቱ ይሽቀዳደማል፣ ግንባሩ ምድር ሳይነካ ይነሣል፣ ጉልበቱን በድንጋይ ላይ ይጥላል፣ እስከ ቀትር ይደክምና ዋናውን የ9 ሰዓቱን ንባብ ተቀምጦ ያሳልፋል። ቀስ ብሎ ከንባቡ ጋር መሄድ ይሻላል። ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወገቡን ወይም ራሱን ዝቅ ያድርግ፤ ይህም ስግደት ነው፣ አድንኖ ይባላል። የምንለውንም እንወቀው፦ ኪራላይሶን «አቤቱ ማረን» ነው፤ ታኦስ ናይናን «አምላክ ሆይ ማረን» ነው።

ሐሙስ ጉልባን ይቀቀላል፤ የባቄላ ክክና ስንዴ ነው። ጨው በርከት ይደረግበታል፤ ጥሙ በመስቀል ላይ «ተጠማሁ» ያለውን ያሳስባል። ስለዚህ ጨው ቀንሶ ማጣፈጥ ነገሩን መሳት ነው፤ የደም ግፊት ያለበት ግን አይገደድም። አክፍሎትም፣ እህል ውኃ ሳይቀምሱ መቆየቱ፣ በአቅም ነው፤ የቻለ ከሐሙስ ማታ፣ ያልቻለ ከዓርብ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ይቆያል። መድኃኒት የሚወስድ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ።

ዓርብ ማታ ካህኑ ኃጢአታችንን ሰምቶ በወይራ ቅጠል መታ መታ በማድረግ ጥብጣብ ያደርግና የስግደት ቁጥር ይሰጣል። አንዳንዱ ቁጥሩን ተቀብሎ «ከበዓሉ በኋላ እጨርሰዋለሁ» ይላል። ትንሣኤ ከገባ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ስግደት የለም። ስለዚህ እንደምትጨርሱ ካልመሰላችሁ እዚያው ቆማችሁ «አባ፣ ይህን አልችለውም» በሏቸው፤ በአቅማችሁ ያስተካክሉላችኋል።