መልስ የመስጠት መብት ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ላይ አንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለ እንበል። ጠዋት ስለ ኑሮ ውድነት ውይይት ይዟል። አንድ አድማጭ ደወለና «መናኸሪያው አጠገብ ያለችው በርበሬ ሻጭ ባዕድ ነገር ትቀላቅላለች» አለ። አዘጋጁ አመስግኖት ወደ ሌላ ደዋይ አለፈ። ስም አልተጠራም። ሰፈሩ ግን ማን እንደሆነች ወዲያው አወቀ።

ሴትየዋ ወደ ጣቢያው ሄዳ «እኔም ልናገር» ማለት ትችላለች። መልስ የመስጠት መብት የሚባለው ይሄ ነው። በስርጭት ስሙ የተነካ ሰው በዚያው ጣቢያ፣ ያለ ክፍያ፣ በራሱ አንደበት ምላሹን ያሰማል። ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ክሱ ጠዋት ተሰምቶ መልሱ እኩለ ሌሊት ቢተላለፍ ምን ዋጋ አለው? ክሱን የሰማው ሰው ያኔ ተኝቷል።

ከእርማት ጋር እንዳይምታታ። እርማት ጣቢያው ራሱ «ተሳስተናል» ሲል ነው። መልስ ደግሞ የተነካው ሰው ድምፅ ነው፤ ጣቢያው ባይስማማበትም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሳንሱርን ይከለክላል። ስለዚህ ማንም ባለሥልጣን «ሳይተላለፍ በፊት አሰሙኝ» ሊል አይችልም። አንቀጽ 24 ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው ክብርና መልካም ስም ይጠብቃል። በእኔ እምነት ሁለቱን በደንብ የሚያስታርቃቸው ይህ መብት ነው። የማንንም አፍ አይዘጋም፤ ሌላ አፍ ይከፍታል እንጂ።

ወሎ ላይ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል፦ ከሳሽ ብቻውን ተሰምቶ አይፈረድም።

«እኛ ምን አደረግን፣ የተናገረው አድማጩ ነው» የሚል አዘጋጅ ይኖራል። እኔ አልቀበለውም። ማይኩን የከፈተው እሱ ነው። ቢያንስ «በዓይንህ አይተሃል? ወይስ ሰምተህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። በትልቅ ጣቢያ የሚነሳው ሰው ሩቅ ሊሆን ይችላል። በማኅበረሰብ ሬዲዮ ግን ነገ ቡና የምታጣጣህ ጎረቤትህ ናት። ገበያዋ የሚቀዘቅዘው በዚያው ቀን ነው።

ጣቢያውም መብት አለው። መልሱ ደዋዩን ወደ መስደብ ከዞረ ወይም ከጉዳዩ ከወጣ «አሳጥሪው» ማለት ይችላል። ሐሳቧን መለወጥ ግን አይችልም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቅጂ ካለ ነው። ሴትየዋ ስትመጣ የጠዋቱ ድምፅ ይከፈትላት። አዘጋጁም አብሯት ይስማው። የትኛው ቃል እንደጎዳት እሷው ትንገረው፤ መልሷም ከዚያ ቃል ይጀምር።