ልየታ ምንድን ነው? ሳያምም ስለሚደረግ ምርመራ

«ልየታ» የሚለው ቃል በባሕር ዳር ጤና ጣቢያዎች በርና ግድግዳ ላይ በብዛት ይነበባል፤ የማህፀን በር ጫፍ ቅድመ ካንሰር ልየታ፣ የደም ግፊት ልየታ፣ የሳንባ ነቀርሳ ልየታ። በአፍ ሲነገር ግን እምብዛም አይሰማም። ካርድ ለማውጣት የተሰለፈው ሰው «ልመረመር መጣሁ» ይላል፤ አቅም ያለው ደግሞ ወደ ግል ክሊኒክ ጎራ ብሎ «ቼክ አፕ ላደርግ ነው» ይላል። ሦስቱ ቃላት እንደ አንድ በመቆጠራቸው ሰዎች ከውጤታቸው የሚጠብቁት ነገር ይዛባል፤ ጤነኛው ታምሜያለሁ ብሎ ይደነግጣል፣ ክትትል የሚያስፈልገው ደግሞ ነጻ ነኝ ብሎ ቤቱ ይቀመጣል።

ልየታ ማለት ምንም የሕመም ስሜት የሌላቸውን፣ ወይም የሚሰማቸውን ነገር ከሕመም ያልቆጠሩትን ሰዎች፣ ቀላልና ፈጣን በሆነ ዘዴ አይቶ፣ አንድ የተወሰነ በሽታ ሊኖርባቸው ይችላል ተብለው የሚጠረጠሩትን ከቀሩት መለየት ነው። በዚህ ፍቺ ውስጥ ክብደት ያለው ቃል «የሚጠረጠሩትን» የሚለው ነው። እናቶች ዱቄት ሲነፉ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ሁሉ እንደማይጥሉት፣ እንደገና አይተው ከፊሉን ወደ ወፍጮ እንደሚመልሱት ሁሉ፣ በልየታ የተያዘ ሰውም ገና የሚታይ ሰው ነው።

ምርመራ ከዚህ ይለያል። ክረምቱ ሲወጣ በጣና ዳር ቀበሌዎች ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያለው ሰው ጣቱን ተወግቶ ደሙ ለወባ ሲታይ፣ ሰውየው ያመመውን ነገር ይዞ መጥቶ ምን እንደሆነ ጠይቋል፤ ላቦራቶሪው ይመልስለታል። በልየታ ጊዜ ጠያቂው ጤና ተቋሙ ነው፤ የሚጠየቀውም ምንም ያላለው አካል ነው። አንዳንዴ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም። በካርድ ክፍሉ ሰልፍ ላይ አንዲት ነርስ «ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለው አለ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሌሊት ማላብና ክብደት መቀነስ መኖሩንም ስታክል፣ የሳንባ ነቀርሳ ልየታ እያደረገች ነው።

ያላመመውን ሰው ማስቸገር ለምን አስፈለገ ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለው መልስ የደም ግፊት ነው። በሽታው ለዓመታት ድምፁን ሳያሰማ ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎል ደም ሥሮችን ሲጎዳ ይቆያል፤ አንዳንድ ጊዜ የመጀመሪያ ምልክቱ የአንድ ወገን ሽባነት ይሆናል። እንደ እኔ አመለካከት «ደም ብዛት» የሚለው የተለመደ ስሙ ራሱ ጉዳት አድርሷል። ስሙን የሰማ ሰው ደሙ በመጠን የበዛ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ነገሩ ወፈር ያለና ሥጋ የሚያዘወትር ሰው በሽታ ነው ብሎ ያስባል፣ ወይም በዋግምት ደም ቢወጣለት የሚሻለው ይመስለዋል። የሚለካው ግን የደሙ ብዛት ሳይሆን ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው፤ ቀጭን ገበሬም፣ ጾም የማያጓድል ቄስም ሊኖርበት ይችላል። «ራሴን ሲያመኝ አውቀዋለሁ» የሚለውም አባባል አያስተማምንም፤ ግፊቱ ከፍ ብሎ ምንም የማይሰማው ሰው ብዙ ነው።

አንድ ማለዳ በከተማችን ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ስጠብቅ፣ ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንድ አባት ባለቤታቸውን ለዓይን ሕክምና አምጥተው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ነርሷ ወይዘሮዋን ከለካች በኋላ ወደ እሳቸው ዞረች። እሳቸው «እኔ እንኳ አስታማሚ ነኝ» ቢሉም ክንዳቸውን ሰጡ፤ መሣሪያው 156 በ98 አነበበ።

«አባባ፣ ዛሬ ቡና ጠጥተዋል?»

«በረካውን ጠጥቼ ነው የወጣሁት፤ ምነው ልጄ?»

ነርሷ አልደነገጠችም። የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መልሳ እጅጌያቸውን እስከ ላይ ጠቀለለች፣ አጣምረውት የነበረውን እግራቸውን አስፈታቻቸው፣ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «ሳይናገሩ ትንሽ ይረፉ» አለቻቸው። ሌሎች ሁለት ሰዎችን ለክታ ስትመለስ ክንዳቸውን በልባቸው ትክክል ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ደገመችው፤ 144 በ88 ሆነ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ስትሰጣቸው «ታዲያ ደም ብዛት አለብኝ ወይስ የለብኝም?» ብለው ጠየቋት። «ገና አልታወቀም አባባ፤ ማክሰኞ ቡና ሳይጠጡ ይምጡ» አለች።

ይህ መልስ ለእሳቸው የማያጠግብ መልስ መሆኑ ከፊታቸው ይነበብ ነበር፤ ሆኖም ትክክለኛው መልስ እሱ ነበር። አንድ ሰው የደም ግፊት በሽታ አለበት የሚባለው በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና መጠጣት፣ ሽንትን ቋጥሮ መቀመጥ፣ በልብስ ላይ መለካት፣ እየተለኩ ማውራት፣ እነዚህ ሁሉ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ቀጠሮ የማይሰጥበት ሁኔታም አለ፤ ቁጥሩ ከ180 በ120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የዓይን ብዥታ ወይም የአንድ ወገን መዛል ካለ፣ ሰውየው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

የስኳር ልየታም በዝግጅት ጉድለት ይበላሻል። በባዶ ሆድ የሚደረገው ልኬት ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም ሳይበላ፣ ከውሃ በቀር ምንም ሳይጠጣ ያደረን ሰው ይጠይቃል። ባለሙያው «ቁርስ በልተዋል?» ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ «እህል አልቀመስኩም» የሚል መልስ ይሰጠዋል። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ በእኛ አነጋገር እህል አይደለምና። ስለዚህ «ከምሽት ጀምሮ ከውሃ ሌላ በአፍዎ የገባ ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በባዶ ሆድ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ከተገኘና ይኸው በሌላ ቀን ከተደገመ የስኳር በሽታ ይባላል። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ የተገኘው ቁጥር መጠርጠሪያ ነው፤ ማረጋገጫው ከክንድ የደም ሥር የሚቀዳው ደም ነው።

ልየታ ድካሙን ከሁሉ በላይ የሚክሰው ግን በማህፀን በር ጫፍ ካንሰር ላይ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ይህን ካንሰር የሚያመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ ቫይረሱ ከያዛቸው ሴቶች የአብዛኞቹ ሰውነት በራሱ ያስወግደዋል፤ በቀሩት ላይ ግን የማህፀን በር ጫፍ ሴሎችን ቀስ በቀስ ይለውጣል። ለውጡ ወደ ካንሰር እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለና ሕክምና ባልጀመሩ ሴቶች ግን ይህ ጊዜ በጣም ያጥራል። ያ ረጅም ጊዜ ነው ልየታውን የሚያዋጣ የሚያደርገው። በአገራችን በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚሠራበት ዘዴ ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ የሠለጠነችው ባለሙያ በምግብ ቤት የምናውቀውን አቼቶ የመሰለ፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ነክራ የማህፀኑን በር ጫፍ ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃ ታያለች። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ ታየ ማለት ካንሰር ተገኘ ማለት እንዳልሆነ ለሴትዮዋ በዚያው አልጋ ላይ ሳለች ሊነገራት ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ቦታውን በማከም ነገሩ ይቋጫል። ካንሰር የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ግን አይነካም፤ ናሙና ወደሚወሰድበት፣ እንደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ወዳለ ሆስፒታል በሪፈር ይላካል።

ልየታው በዋናነት የሚመለከተው ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ሴቶች ነው። በዚህ ዕድሜ ያሉ እናቶች ልጆቻቸውን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ሲመላለሱ ኖረው ለራሳቸው ግን የማይገቡበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ሐፍረት ነው፤ «መርማሪዋ ሴት ናት?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም። ለሴት ልጆቻቸው ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በቫይረሱ ላይ የሚሰጠው ክትባት አለ፤ ሲጀመር የ14 ዓመት ልጃገረዶችን ያቀፈ ነበር።

እንግዲህ ልየታ ይህን ያህል ከጠቀመ ሁሉንም በሽታ ለሁሉም ሰው ለምን አንለይም? ይህን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1968 ዊልሰን እና ዩንግነር የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች ለዓለም የጤና ድርጅት በአሥር መመዘኛዎች መልሰውታል። መሠረታዊው ሐሳብ በሽታው ከባድ መሆን አለበት፣ ከመክፋቱ በፊት የሚታወቅበት ጊዜ ሊኖረው ይገባል፣ መሣሪያው ተመርማሪው የሚቀበለው መሆን አለበት፣ ለተገኘበት ሰው የሚሰጥ ሕክምናም መኖር አለበት የሚል ነው። ሕክምና ሳይኖር ስም ብቻ አሸክሞ መላክ ልየታ አይባልም።

ሌላው ምክንያት የሂሳብ ጉዳይ ነው። 1000 ያላመማቸው ሰዎች ተለይተው 10ሩ በሽታው አለባቸው እንበል። መሣሪያው ከታማሚዎቹ 10 ዘጠኙን ይይዛል፣ ከጤነኞቹ ደግሞ ከየ100ው ዐሥሩን በስሕተት ይይዛል። ከ990 ጤነኞች 99 ተያዙ ማለት ነው። በድምሩ ለሁለተኛ ምርመራ የሚጠሩት 108 ሰዎች ይሆናሉ፤ ከእነሱ መካከል በእርግጥ የታመሙት ዘጠኝ ብቻ ናቸው። አንዱ ታማሚ ደግሞ «ምንም የለብህም» ተብሎ ቤቱ ገብቷል። ስለዚህ የዘንድሮ ነጻ ውጤት የሚቀጥለውን ዙር አያስቀርም።

«ሙሉ ምርመራ» የሚባለው ነገር የማይማርከኝም በዚህ የተነሳ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ምንም ሳያመኝ ረጅም የላቦራቶሪ ዝርዝር አሠርቼ ነበር፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ዊዳል የተባለው የታይፎይድ ምርመራ «ፖዘቲቭ» ሆነ ተባልኩና፣ ትኩሳት የሚባል ሳያልፍብኝ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ታዘዘልኝ። ዊዳል የሚያየው ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ በፊት ያለፈ ሕመም ወይም ሌላ ባክቴሪያ እንኳ ሊያስነሳው ስለሚችል፣ ባላመመው ሰው ላይ አንድ ጊዜ ፖዘቲቭ መሆኑ የሚናገረው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት የሳምንት የሆድ መረበሽ ሆነ።

ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች የቀረው ቢልሃርዚያ ነው። ጥገኛ ትሉ በውሃው ዳር ሣር ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ ዓሣ አጥማጁን፣ ልብስ አጣቢዋን፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚዋኘውን ልጅ አይመርጥም። (የቀንድ አውጣውን ገዳይ በእንዶድ ውስጥ ያገኙት የአገራችን ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደነበሩ፣ ያገኙትም ዓድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ደስ ይላል።) በሽታው በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ለተማሪዎች ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት እያንዳንዱ ልጅ ሳይመረመር በጅምላ ይሰጣል፤ በዚህ ጊዜ ሰው በሰው ከመለየት ለሁሉም መስጠት ስለሚቀል ልየታው ይታለፋል። በጅምላው ያልተዳረሰ አዋቂ ግን ሰገራውን ማስመርመር ይኖርበታል፤ እንቁላሉ በየቀኑ እኩል ስለማይወጣም አንድ ናሙና ሊስተው ይችላል። እሁድ ሐይቁ ውስጥ የዋኘ ልጁን ሰኞ ጠዋት ላቦራቶሪ ይዞ የሚሮጥ ወላጅ በበኩሉ በከንቱ ይደክማል፤ ትሉ አድጎ እንቁላል ለመጣል ከአንድ ወር በላይ ስለሚፈልግና መድኃኒቱም ያልደረሰውን ትል በደንብ ስለማይገድል፣ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ማስመርመር ይሻላል።