«ብድግ ስል አዞረኝ»፦ ሲቆሙ የሚወርድ የደም ግፊት ምንድን ነው?

አንድ አረጋዊ ቤታቸው ውስጥ ሲወድቁ ቤተሰብ ቀድሞ የሚጠይቀው ምን እንዳደናቀፋቸው ነው፤ ከመውደቃቸው በፊት ተኝተው ወይም ተቀምጠው ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሐኪሞች ኦርቶስታቲክ ሃይፖቴንሽን የሚሉት፣ ሲቆሙ የደም ግፊት የሚወርድበት ችግር የሚገለጠው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ሲነሣ ነው።

ሰው ከተኛበት ሲነሣ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። በጤነኛ ሰው በአንገትና በደረት ትልልቅ የደም ሥሮች ላይ ያሉ ነርቮች ይህን ወዲያው ዐውቀው ልብ እንዲፈጥን፣ የደም ሥሮችም እንዲጠቡ ያደርጋሉ። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ምላሽ ይዘገያል፤ የስኳር በሽታ ነርቮችን ከጎዳ ደግሞ ይብሱን ይደክማል። ያን ጊዜ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ስለሚያንስ ዓይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይከዳል። በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የግፊት ቁጥር ቢያንስ በ20፣ ወይም የታችኛው ቢያንስ በ10 ከወረደ ችግሩ አለ ይባላል።

በባሕር ዳር ይህን የሚያባብስ ወቅት አለ። የዐቢይ ጾም አብዛኛው ክፍል የጣና ዳርቻ ሙቀት ከሚበረታበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። እስከ ቅዳሴ መውጫ ውኃ ሳይቀምሱ የሚቆዩ እናት፣ በዚያ ላይ ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ የሰውነታቸው ፈሳሽ በሁለት በኩል ይጎድላል፤ ከስግደት ቀና ሲሉ መንገዳገዳቸውም «ጾሙ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ስለ ጾሙ የሚመክሩት የንስሐ አባታቸው ናቸው፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ግን የሐኪም ጉዳይ ነው። አባቶች ለፕሮስቴት የሚወስዷቸው አንዳንድ መድኃኒቶችም ግፊት ያወርዳሉ። ያም ሆኖ የግፊት መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ለስትሮክ ስለሚያጋልጥ ከመውደቁ የከፋ ሊሆን ይችላል።

ለማሕሌት በሌሊት የሚነሡ ሰው መብራት አብርተው፣ እግራቸውን አውርደው አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ፤ ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ፤ ከዚያ የሚደገፉትን ይዘው ይቁሙ። ዓይናቸው ብዥ ካለ ወዲያው መልሰው መቀመጥ አለባቸው። ከዱካ ሲነሡም እንዲሁ ነው፤ ዝቅ ያለ መቀመጫ ለአረጋዊ አይመችም።

ተቀምጠው ብቻ የተለኩት ግፊት ይህን ችግር ብዙ ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው፣ መጀመሪያ 5 ደቂቃ ያህል ተኝተው፣ ቀጥሎም በቆሙ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንዲለኩ ይጠይቁ።