የጨርቅ የፋሲካ ቅርጫት ከልጆች ጋር መስፋት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካና በአውሮፓ ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችን የምዕራባውያን ፋሲካ ሲቃረብ ይህ ጥያቄ አይቀርላቸውም፤ ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ የፋሲካ ቅርጫት ይፈልጋል። ከቤት ጨርቅ አብሮ መስፋት ይቻላል። ብዙ ሰው ገና ሳይጀምር የሚተወው ከሚከተሉት በአንዱ ምክንያት ነው።

«ቅርጫቱ የአሜሪካ ሱቆች ፈጠራ ነው።» ሱቆቹ አደመቁት እንጂ አልፈጠሩትም። እንቁላል የምታመጣው የፋሲካ ጥንቸል ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1682 በጽሑፍ ተጠቅሳለች። ወደ ፔንስልቬንያ የተሰደዱ ጀርመናውያን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ልማዱን ይዘው ሄዱ፤ ልጆች ያዘጋጁላት የነበረው ጎጆም ኋላ ቅርጫት ሆነ። በፖላንድ ደግሞ በቅዳም ሹር እንቁላል፣ ዳቦ፣ ጨውና ቋሊማ የያዘ ቅርጫት ቤተ ክርስቲያን ተወስዶ ይባረካል።

«የስፌት መኪና የግድ ነው።» አይደለም።

«ወፍራም ጨርቅ ካልሆነ ቅርጫቱ አይቆምም።» ልጆችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው፤ በጂንስ ውስጥ መርፌ ማሳለፍ ለአዋቂም ፈተና ነው። ስስ የጥጥ ጨርቅ ይሻላል። ማቆሚያው ልብስ ሰፊዎች የሸሚዝ ኮሌታ የሚያጠነክሩበት፣ በካውያ የሚጣበቀው ገበር ነው። ጨርቁን አስቀድማችሁ እጠቡት፤ ጥጥ ይሰበሰባል። ከዚያ 35 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ካሬዎች፣ አንዱን ለውጭ አንዱን ለውስጥ፣ ቁረጡ፤ ገበሩንም በጀርባቸው በካውያ ለጥፉ። ከየማዕዘኑ 10 በ10 ቆርጣችሁ ስታወጡ የመስቀል ቅርጽ ይቀራል፤ የተቆረጡትን ጠርዞች ሁለት ሁለቱን አገናኝታችሁ ስትሰፏቸው ሳጥን ይሆናል። የውስጡን በውጩ ውስጥ አስገቡ፣ የላይኛውን ጠርዝ ወደ ውስጥ እጠፉ፣ የእጀታውን ጫፎች በመካከል አድርጋችሁ ዙሪያውን ስፉ። እጀታው ክብደት ስለሚሸከም የእሱ ስፌት የአዋቂ ሥራ ይሁን።

«ያረጀ ነጠላና የቀሚስ ጥበብ ለዚህ አይሆንም።» ያምራል እንጂ! ችግሩ ሸማ ሲቆረጥ ክሩ መተርተሩ ነው። ሸማውን ከመቁረጣችሁ በፊት የሚጣበቀውን ገበር በጀርባው ለጥፉ። ጥበቡን ከነጠርዙ ለእጀታ መጠቀም ከሁሉ ይቀላል።

«ትንንሽ ልጆች መርፌ አይነኩም።» ካውያውና ስለታሙ መቀስ ለእናንተ ይቅሩ። ጫፉ የደነዘዘ፣ ዓይኑ የሰፋ መርፌ ግን ትንሽ ልጅም አጠገቡ ሰው ካለ ይይዘዋል። ክሩ ከልጁ ክንድ አይርዘም፤ ሲረዝም ይወሳሰባል፣ ልጁም ይሰለቻል። ድርብ አድርጋችሁ ጫፉን ቋጥሩት፤ እንዲህ ከሆነ ከመርፌው አይሾልክም። በእርሳስ ነጥብ ነጥብ ብታደርጉለት መንገዱን ራሱ ያገኘዋል። የተንሻፈፈውን ስፌት ልጁ ከተኛ በኋላ ፈትተው የሚያስተካክሉ ወላጆች አሉ። ይህን አልወደውም፤ ልጁ ጠዋት ያውቃል።

«ያለ ቸኮሌት ባዶ ነው።» የእነሱ ፋሲካና የእኛው እንደ እ.ኤ.አ. 2025 በአንድ ቀን ሊውሉ ይችላሉ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2026 የእነሱ ፋሲካ ኤፕሪል 5 ቀን፣ በእኛ ሆሳዕና ላይ ይውላል። ለሚጾም ልጅ የወተት ቸኮሌትና እንቁላል መስጠት አይሆንም፤ ባለቀለም እርሳስ፣ ጨሌና ቆሎ ይበቁታል። እንቁላሉና የድፎው ቁራሽ በሳምንቱ ይደርሳሉ። ከታች የምታነጥፉትን ካርቶን ከጨርቁ ጋር አትስፉት፤ ቅርጫቱ ቅባት ሲነካው ካርቶኑን አውጥታችሁ ታጥቡታላችሁ።