የሴራሚክ ጥርስ ለምን ይበልዛል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሴራሚክ ክራውን (ጥርስ ላይ የሚጠለቅ ሽፋን) ያስገባ ሰው ከጊዜ በኋላ «ቀለሙ ተቀየረ» ብሎ ሲመጣ ጥፋተኛ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ቡናው ነው። እኔ ግን ቡናውን ከመውቀሴ በፊት የጥርሱን ገጽ አያለሁ።

«ሴራሚክ ከቶ አይበልዝም።»
ቤት ያለ አሮጌ የቡና ሲኒ አንስታችሁ እዩ። ስንት ዓመት ቡና ተቀድቶበት ውስጡ ሲታጠብ ነጭ ነው፤ ከንፈሩ ላይ የተሸረፈችው ቦታ ግን ቡናማ ሆና ቀርታለች፣ ብትታሽም አትለቅም። ልዩነቱ ላዩን የሸፈነው እንደ መስታወት ያለ ስስ ልባጥ፣ ግሌዝ የሚባለው ነው። ጥርሱም እንደዚሁ ነው። ለስላሳ ገጽ ላይ ቡናና ሻይ መያዣ ያጣሉ፤ ሻካራው ላይ ግን ቀለሙም ባክቴሪያውም ይሰነቀራል። የገጹ ሸካራነት በአማካይ ከ0.2 ማይክሮሜትር ካለፈ የባክቴሪያው ክምችት እየጨመረ ይሄዳል።

«ከላብራቶሪ ለስልሶ ከመጣ አበቃ።»
ብዙ ጥርስ የሚበላሸው በዚህ እምነት ነው። ክራውኑ አፍ ውስጥ ሲገባ ሐኪሙ ቀለም የሚያትም ስስ ወረቀት ያስነክሳል፤ ከፍ ብሎ የተገኘውን ነጥብ በአልማዝ ብናኝ በተለበጠች ትንሽ መፍጫ ይቀንሰዋል። ያኔ ግሌዙ አብሮ ይነሳል። ክራውኑ ገና ካልተጣበቀ ወደ ምድጃ ተመልሶ እንደገና ግሌዝ ሊደረግ ይችላል። ከተጣበቀ ግን ያለው መንገድ ፖሊሽ፣ ማለትም ገጹን ፈትጎ ማለስለስ ብቻ ነው፤ ከሻካራው የማለስለሻ ጎማ ወደ ለስላሳው በቅደም ተከተል፣ በመጨረሻም የአልማዝ ብናኝ ባለበት ቅባት (ፔስት)። መሃል ላይ አንዱ ጎማ ከተዘለለ የፊተኛው የተወው ጭረት እዚያው ይቀራል፤ ላዩ ቢያብረቀርቅም። ከወንበሩ ከመነሳታችሁ በፊት ምላሳችሁን አሳልፉበት። ከሻከራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፣ ነውር የለውም።

«ግሌዝ ሁልጊዜ ከፖሊሽ ይበልጣል።»
በደንብ የተሠራ ፖሊሽ ከግሌዝ አያንስም። የሚያኝክ የዚርኮኒያ (በጣም ጠንካራ የሴራሚክ ዓይነት) ገጽ ላይ እንዲያውም ፖሊሹን እመርጣለሁ፤ ግሌዙ በማኘክ ብዛት ይላጣል፣ ትይዩ ያለውን የተፈጥሮ ጥርስም ከፖሊሹ የበለጠ ይፈጫል። ጥርሱን ለማስመሰል ላዩ ላይ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ፖሊሹ ቀለሙን ጠርጎ ሊወስደው ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

«በማንጫ ጄል ይነጣል።»
ጄሉ የሚያነጣው የተፈጥሮውን ጥርስ ነው። ክራውኑ እንደነበረ ይቀርና ከጎረቤቶቹ ጠቁሮ ይታያል። ማንጣት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ያንጣ፣ የክራውኑ ቀለም ከዚያ በኋላ ይመረጥ።

«ፍሎራይድ ለማንኛውም ጥርስ አንድ ነው።»
አሲዳማው የፍሎራይድ ጄል ግሌዙን ይበላዋል። ሴራሚክ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ተናግሮ አሲድ የሌለውን ይጠይቅ።

«ድድ ሥር ያለው ጥቁር መስመር ቡና ነው።»
ከሥሩ ብረት ባለው ክራውን ላይ ድድ ሲሸሽ የሚታየው ራሱ ብረቱ ነው። በስስ ቬኒር (የጥርሱን ፊት ብቻ የሚሸፍን ልባጥ) ላይም አንዳንዴ የሚቀየረው ከሥር ያለው ማጣበቂያ ነው፤ እዚያ ላይ የፈለገውን ያህል ፖሊሽ ቢደረግ ቀለሙ አይመለስም።