የሥራ ላይ ዲጂታል ውጥረት በአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች

የሥራ ላይ ዲጂታል ውጥረት የሚባለው ለሥራ ሲባል ስልክ፣ ኮምፒውተርና የመልእክት መተግበሪያ ከልክ በላይ ከመጠቀም የሚመጣ የአእምሮና የአካል ጫና ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ የራሱ መልክ አለው። የዳርቻው ሠራተኛ ከቤቱ ቢሮው እስኪደርስ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። ድሮ በዚያ መንገድ ላይ አለቃ አያገኘውም ነበር። አሁን መንገዱም ቢሮ ሆኗል።

ስያሜ

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ክሬግ ብሮድ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ «ቴክኖስትረስ» የሚለውን ቃል አስተዋወቀ። ከእሱ በኋላ የመጡ አጥኚዎች የውጥረቱን ምንጮች በአምስት ከፈሏቸው። የሥራ መብዛት፣ ሥራ የግል ሕይወት ውስጥ መግባቱ፣ የመሣሪያው ውስብስብነት፣ «እንጀራዬን ያሳጣኛል» የሚል ስጋት፣ የነገሩ ቶሎ ቶሎ መለዋወጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ከሥራ ውጥረት የሚመጣን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መዝግቦታል።

አባዶ ውስጥ «ቴክኖስትረስ» የሚል ሰው አልሰማሁም። የሚባለው «ግሩፑ ጨጓራዬን ላጠው» ነው። በእኔ አስተያየት ይሄኛው ይሻላል። ቢያንስ ሕመሙ የት እንደሚቀመጥ ይናገራል።

አመጣጥ

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፣ ሞባይል በ1991። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ተጀመረና የከተማው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ዳር ወጣ። ኮዬ ፈጬ የማን ነው የሚለው ብዙ አከራክሯል። በ2014 ክረምት ከተማ አስተዳደሩና ኦሮሚያ ክልል በወሰን ጉዳይ ተስማምተዋል፣ ዝርዝሩን ለባለጉዳዮቹ እንተወው። ለዚህ ጽሑፍ ነዋሪዎቹ ጠዋት ጠዋት ወደ መሀል ከተማ መጉረፋቸው ይበቃል። የካ አባዶ ግን የአዲስ አበባ ነው፣ ማልዶ በመነሳትም የሚያህለው የለም።

2012 ዓ.ም.

ነገሩ መልክ የያዘው በዚህ ዓመት ነው። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ይፋ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ አብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ተነገረ። ቤት ማለት ለብዙዎቻችን ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። አንዱ ጥግ ላይ ልጅ በቴሌግራም የመጣለትን ትምህርት ይገለብጣል፣ ሌላው ጥግ ላይ አባት ሪፖርት ይጽፋል። ስልኩ ደግሞ አንድ ነው።

በዚያ ሰሞን መሥሪያ ቤቶች የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። «ለጊዜው ነው» ተባለ። እኔ የነበርኩበት ቢሮ አንድ ግሩፕ ብሎ ጀምሮ በሁለት ወር አራት አደረሰው። የሁሉም ሠራተኛ፣ የክፍሉ፣ የአስቸኳይ ጉዳይ፣ እና አለቃ የሌለበት። እረፍት የነበረው አራተኛው ላይ ብቻ ነበር፣ እሱም እስኪታወቅ ድረስ።

ሰኔ 23 የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ሰው ፋይሉን በፍላሽ ይዞ በእግሩና በታክሲ ቢሮ ደረሰ። ጊዜው የሐዘንና የስጋት ስለነበር እፎይታ ብሎ መጥራት ይከብዳል። ሆኖም ቀስ ብለህ ብትጠይቃቸው «የዚያን ጊዜ ስልኬ ዝም ብሎ ነበር» የሚሉ አሉ።

ቢሮ ሲከፈት ግሩፖቹ አልተዘጉም። ግንቦት 2013 ቴሌብር መጣ፣ በ2015 መግቢያ ሳፋሪኮም አገልግሎት ጀመረ።

መንገዱ

ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል። አባዶ፣ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ሰልፍ። ከፊቴ ያለችው ሴት በአንድ እጇ የምሳ ዕቃዋን፣ በሌላው ስልኳን ይዛለች። ሳትሳፈር «ሪፖርቱ የታል?» የሚል መጣላት። ቆማ በአውራ ጣቷ አማርኛ ትለቅማለች፣ አንዱን ፊደል ለማግኘት ሦስቴ እየነካች። ላከችው። ኔትወርኩ ሄደና ሰዓት የምትመስለው ምልክት ቆማ ቀረች። አያት ስንደርስ ስልኩ ስድስት ጊዜ ተርገበገበ። የመጨረሻው መልእክት «ኦንላይን ሆነሽ ነው ዝም የምትዪኝ?» ይላል። ባትሪዋ 8 በመቶ ነው። ሥራ ገና አልገባችም።

የዳርቻው ሕመም እዚህ ላይ ነው። ኔትወርክ ሲኖር ሥራው ይከተልሃል። ሲጠፋም ወቀሳው ይጠብቅሃል።

ሌላም አለ። ስልኩ 8:00 ሲል እኛ 2 ሰዓት እንላለን። «ዙም በ3 ሰዓት» የሚል መልእክት ሲመጣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ ያሳፍራል፣ አለመጠየቅም ያስቀጣል። አንድ ወዳጄ ከሰዓት በኋላ የሚሆን ስብሰባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ብቻውን ጠብቋል።

ሲስተም የለም

ውጥረቱ የቢሮ ሰው ብቻ አይደለም። የኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ባለሱቅ ገዢ «ከፍያለሁ» ብሎ ያሳየውን ስክሪንሾት አያምንም። መልእክቱ በራሱ ስልክ እስኪገባ ዕቃውን አይለቅም፣ የተጭበረበረ ደግሞ በእጥፍ ይጠነቀቃል። መስኮት ላይ የተቀመጠች ሠራተኛ «ሲስተም የለም» ስትል የሰልፉ ቁጣ የሚወርደው እሷ ላይ ነው። ሲስተሙን እሷ አልሠራችውም፣ አላጠፋችውም።

ሕክምናና ሕግ

ራስ ምታት፣ የአንገት ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ስልኩ ሳይጮህ የጮኸ መምሰል። ሰው ለዚህ ሲል ሐኪም ጋ ቢሄድ እንኳ የሚያነሳው ጨጓራውን ነው። በምሥራቁ በኩል ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በ2012 የኮቪድ ማዕከል ሆኖ ያገለገለውም ይኸው ሆስፒታል ነው። ለሰፈራችን ትልቅ ነገር ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ማለፍ የለበትም። ክፍያው ቀን በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በ1.75፣ በሳምንት እረፍት በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ አዋጅ ይተዳደራል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ለመጣ የቴሌግራም መልእክት መልስ መስጠት ትርፍ ሰዓት ነው ወይ? እኔን ከጠየቃችሁኝ ነው። ጠይቆ የተከፈለው ሰው ግን አላየሁም። ፈረንሳይ ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከስልኩ የመራቅ መብት እንዳለው በሕግ አስፍራለች።

የሰፈር መላ

አንዳንዱ ሁለት ሲም ይይዛል። አንዳንዱ ግሩፑን ድምፅ ያጠፋበትና በየአምስት ደቂቃው ከፍቶ ያየዋል፣ ይሄ ምን እንደሚጠቅም እንጃ። በእኛ ብሎክ አንዲት እናት ቅዳሜ ቡና ሲያፈሉ የመጣ ሁሉ ስልኩን ሞሰብ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ያዛሉ። አቦል ላይ ሞሰቡ ሙሉ ነው። ቶና ሲቀዳ አንዱ «ሰዓት ልይ» ብሎ ይነሳል። በረካ ሲደርስ ሞሰቡ ውስጥ የቀረው የእሳቸው ስልክ ብቻ ነው።